ድነሻል ተባልኩ፤ ደረጃውን ግን አልቻልኩትም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ በየወሩ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ በሽታ ናቸው፤ በሽታው ከለቀቀ በኋላ ስላለው ጊዜ የሚጠይቁት ግን ጥቂት ናቸው። በዚህ ወር እንዲህ ያሉ ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ ሦስቱም የተጻፉት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ነው። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ በየቀኑ የማያቸው ሰዎች ጥያቄ በመሆኑ ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ በተለይ የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ያነሡት ነገር ብዙ ነው።

ጥያቄ

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ይዞኝ ለ20 ወራት መድኃኒት ስወስድ ቆይቼ ከስምንት ወር በፊት ጨርሻለሁ፤ አክታዬ ተመርምሮ ነጻ ነው፣ ድነሻል ተብያለሁ። ይሁን እንጂ እንደ ዳነ ሰው አይደለሁም። ደረጃውን ስወጣ አራት ጊዜ እቆማለሁ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ከታች መሸከም ግድ ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ ደኅና ሆኜ ስለነቃሁ ልብስ አጠብኩ፣ እንጀራ ጋገርኩ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ አወጣሁ፤ ከዚያ እስከ ማክሰኞ ከአልጋ አልተነሣሁም። እግሬ ይደነዝዘኛል፤ ፊቴም በመድኃኒቱ ምክንያት ጠቁሯል። ጎረቤቶቼ ቡና ይጠሩኛል፤ ነገር ግን ስኒዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ለእኔ ሁልጊዜ የሚመጣው ጠርዙ የተሸረፈው ስኒ ነው። በሽታው ተመልሶብኝ ይሆን? ወይስ እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?»

መልስ

እኅቴ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ፍርሃት አለ። «ተመልሶብኝ ይሆን?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው ምርመራ ነው። «እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?» ለሚለው ግን መልሱ በአብዛኛው ያለው በቤትዎ ውስጥ፣ በየቀኑ በሚያደርጉት ትንሽ ነገር ላይ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

በቅድሚያ ግን ድነው ሳለ ለምን እንደሚደክሙ ላስረዳ። የነቀርሳ መድኃኒት ተህዋሲያኑን ይገድላል እንጂ ተህዋሲያኑ ያቆሰሉትን ሳንባ እንደ ቀድሞው አድርጎ አይሠራውም። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ የያዘው ክፍል ደግሞ እንደ ጤነኛው ሳንባ ስለማይለጠጥ የሚያስገባው አየር ያንሳል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም የአየር ቧንቧዎች ሰፍተው ስለሚቀሩ አክታ ይጠራቀምባቸዋል። በዚህ ላይ የምንኖርበትን ከፍታ ይጨምሩበት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው ከሚያስገባው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ጤነኛ ሰው ሰውነቱ ስለለመደው አያስተውለውም፤ ሳንባው የተጎዳ ሰው ግን ደረጃ ላይ ሲደርስ ይሰማዋል። ሌላው ምክንያት ጡንቻ ነው። በሽታው ራሱ ሥጋ ይበላል፤ ከዚያ የመድኃኒቱ ማቅለሽለሽ ምግብ ይከለክላል፤ ከዚያ መተኛቱ ይከተላል። አሁን ክብደትዎ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከረጅም ሕመም በኋላ መጀመሪያ የሚመለሰው ክብደት ብዙውን ጊዜ ስብ ነው እንጂ ጡንቻ አይደለም። ሚዛኑ «ደኅና ነሽ» እያለ ጉልበት እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

እንዲህም ሆኖ በግምት መኖር አይገባም። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ አክታ ደም ከተቀላቀለበት፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ካለ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ታከሙበት የጤና ተቋም ይሂዱ። እነዚህ ባይኖሩም የክትትል ቀጠሮዎን አይዝለሉ። ጂንኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የሞቱ ተህዋሲያንን ቅሪት ጭምር ሊያነብ ስለሚችል፣ በቅርቡ ሕክምና የጨረሰ ሰው አክታው በካልቸርም፣ ማለትም ሕይወት ያላቸውን ተህዋሲያን በማሳደግ በሚደረገው ምርመራ፣ መታየት አለበት፤ ስለዚህ አንድ ውጤት ብቻ አይተው ተስፋ አይቁረጡ። ሲሄዱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ኦክስጅንዎ ተቀምጠውም ትንሽ ተራምደውም እንዲለካ፣ የሳንባ አቅም ምርመራ እንዲታዘዝልዎት፣ የደም ማነስ ይኑርብዎት አይኑርብዎት እንዲታይ። ልጅዎና ባለቤትዎ እስካሁን ተመርምረው ካልሆነ አብረዋቸው ይሂዱ፤ በአንድ ቤት የኖረ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ መታየት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ፤ በእኔ እምነት የደብዳቤዎ ዋና ነገር እሱ ነው። ደኅና ሆነው ነቁ፤ ለብዙ ወራት የተጠራቀመውን ሥራ በአንድ ቀን አወረዱት፤ ከዚያ ሦስት ቀን ተኙ። ሦስት ቀን ሲተኙ ጡንቻው ያቺ ቅዳሜ ካስገኘችለት የበለጠ ያጣል፤ ሥራው እንደገና ይጠራቀማል፤ ቀጣዩ መልካም ቀን ሲመጣም ያው ይደገማል። ብዙ ታካሚዎች በዚህ አዙሪት ውስጥ ዓመት ይፈጃሉ፤ ሰነፍ ስለሆኑ ሳይሆን ታታሪ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ጉልበትዎን በመልካም ቀን በሠሩት ሥራ ብዛት አይለኩት፣ በማግሥቱ ጠዋት በሚነሡበት ሁኔታ ይለኩት። አንድ ደብተር ይያዙ። ማታ ማታ የሠሩትን በአንድ መሥመር ይጻፉ፤ ጠዋት ደግሞ እንዴት እንደተነሡ ከጎኑ ይጻፉ። ሦስት ቀን በተከታታይ ደኅና ከተነሡ ትንሽ ይጨምሩ። ደክመው ከተነሡ ግማሹን ይቀንሱ፤ ነገር ግን ወደ አልጋ ተመልሰው ሁሉንም አይተዉት። በመልካም ቀንም በመጥፎ ቀንም የሚሠሩት ሥራ የሚቀራረብ ይሁን። በመልካሙ ቀን መሥራት እየፈለጉ ማቆም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንደገና ሰው ሆንኩ የሚያሰኝ ቀን ነውና። ቢሆንም በዚያን ቀን ልብሱን ብቻ አጥበው እንጀራውን ለነገ ቢያቆዩት ማክሰኞን አያጡትም።

ስለ ደረጃው። አራት ጊዜ መቆምዎን እንደ ውርደት አይቁጠሩት፤ ይልቁንም እርስዎ የመረጡት ያድርጉት። አሁን የሚቆሙት ትንፋሽ ሲያጥርዎት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለማረፍ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ከነገ ጀምሮ ሳይደክሙ ይቁሙ፤ በየፎቁ መታጠፊያ ላይ፣ የመጀመሪያው ላይም ጭምር፣ ምንም ባይሰማዎት ስድስት ትንፋሽ ቆጥረው ይለፉ። አየር በአፍንጫዎ እስከ ሁለት እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ከዚያ ከንፈርዎን ሞጠሞጥ አድርገው እስከ አራት እየቆጠሩ በቀስታ ያስወጡ። ከሰል ለማቀጣጠል እፍ እንደሚሉት አይደለም፤ ከፊትዎ የበራ ጧፍ ቢኖር ነበልባሉ ጎንበስ እንዲል እንጂ እንዳይጠፋ አድርገው ነው። ይህ አተነፋፈስ በሳንባ ውስጥ የታመቀው አየር ወጥቶ ለአዲሱ ቦታ እንዲለቅ ያደርጋል። እግርዎን ወደ ላይኛው ደረጃ ሲያነሡ ያስወጡ፤ ሁለቱም እግሮችዎ ሲያርፉ ያስገቡ። እጅዎ መደገፊያውን ይያዝ። በዚህ መንገድ የሚወጣ ሰው ከሚቸኩለው ቀድሞ ቤቱ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ክብደትዎ 50 ኪሎ ቢሆን ከራስዎ ክብደት ሁለት አምስተኛውን በአንድ እጅ ይዘው አራት ፎቅ እየወጡ ነው ማለት ነው፤ ሳንባው ደኅና የሆነ ሰውም ይህን በቀላሉ አይወጣውም። ለተወሰኑ ወራት ያንን ጀሪካን አይንኩት። ባለቤትዎ ወይም የሚከፈለው የሰፈር ልጅ ያውጣው፤ ይህ ወጪ እንደ መድኃኒት ወጪ ይቆጠር። እርስዎ የራስዎን ድርሻ መያዝ ከፈለጉ፣ ቢፈልጉም ደስ ይለኛል፣ ሦስት ሦስት ሊትር የሚይዙ ሁለት የዘይት ጀሪካኖችን በሁለቱም እጅ አመጣጥነው ይጀምሩ፤ መጀመሪያ ከአንደኛ ፎቅ እስከ ሁለተኛ ብቻ።

ከሥራው ውጭ ሁለት እንቅስቃሴ በየቀኑ ይኑርዎት። አንደኛው ከወንበር መነሣት ነው። ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ አስጠግተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ አምስት ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ፤ ጠዋት አንድ ዙር፣ ማታ አንድ ዙር። ሲቀልልዎት ወደ አስር ያድርሱት፤ በርጩማ ዝቅ ስለሚል ከወራት በኋላ የሚደረስበት ነው። ሁለተኛው በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳማ መንገድ መራመድ ነው። በአምስት ደቂቃ ይጀምሩ፤ አብሮዎት ለሚራመድ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። ደብተሩ ሲፈቅድ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። ጠዋት ብርዱና አቧራው ስለሚያስል ፀሐይ ሞቅ ሲል ይውጡ፤ በነጠላዎም አፍንጫዎን ሸፈን ያድርጉ። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም የከንፈር መጥቆር ካለ ያቁሙና ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የእግሩ መደንዘዝ ምናልባት ሊኔዞሊድ ከሚባለው መድኃኒት የመጣ ነው፤ ነርቭን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በብዙዎች ላይ ቀስ እያለ ይሻላል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ይቆያል፤ ስለዚህ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ስኳር ወይም የቫይታሚን እጥረት ተጨምሮበት እንደሆነም ይመርመሩ። እስከዚያው ማታ ማታ እግርዎን በብርሃን ይዩት፤ የደነዘዘ እግር ጠጠር ወግቶት ሳይሰማ ይቆስላል፤ በክፍት ጫማ ደረጃ መውረድም ይቅር። ፊትዎን ያጠቆረው ክሎፋዚሚን የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ይህ መድኃኒት በቆዳ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ መጥቆሩ የሚለቀው በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ነው፤ ግን ይለቃል። ለማንጣት ተብሎ በየገበያው የሚሸጠውን ቅባት እባክዎ አይቀቡ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ ላጠብቅ፤ ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲንም ከእንቅስቃሴ ጋር ካልሄደ ጡንቻ አይሆንም። ከሕመም የሚያገግም ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር ደግሞ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። ሽሮውን ወፈር ማድረግ፣ ቆሎውን ከሽምብራና ከለውዝ ጋር መቀላቀል ብዙ ወጪ አያስወጣም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ይህን መጠን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ስለሚይዙት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ። ጾመኛ ከሆኑ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለሚያገግም ሰው ፈቃድ ትሰጣለች። እስልምናም ለታመመ ሰው የረመዳንን ጾም በሌላ ጊዜ እንዲያወጣው ፈቅዷል። ሙሉ ቀን ሳይበሉ ውለው ማታ አንድ ጊዜ መብላት በዚህ ወቅት ጉልበትዎን ይጎዳዋል።

የከሰልና የእጣን ጭስም እንደ ጀሪካኑ ነው፤ ለአሁኑ ይራቁት። ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ፣ እጣኑም ለአንድ ዓመት ቢቀር ማንም አይቀየምም።

የተሸረፈውን ስኒ ነገር ሳነብ አዘንኩ፤ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ያነበብኩትም ለእሱ ነው። ነቀርሳ በስኒ አይተላለፍም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ያልታከመ የሳንባ ታማሚ ሲያስል በአየር ነው። እርስዎ ደግሞ ድነዋል፤ ለማንም የሚያስተላልፉት ነገር የለም። ዝም ብለው ከዚያ ስኒ መጠጣትን እንዲቀጥሉ አልመክርም። ከጎረቤቶችዎ መካከል በጣም የሚቀርቡዎትን አንዷን መርጠው በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋት ይሂዱ፤ የሕክምና ባለሙያው በእርስዎ ፈቃድ ይህንኑ በአንደበቱ ይንገራት። ከራስዎ አፍ ከሚወጣው ይልቅ እሷ ተመልሳ የምታወራው ይሰማል። ቡናውን በራስዎ ቤት፣ በራስዎ ስኒዎች የሚያፈሉበት ቀንም ሩቅ አይሁን፤ ደብተሩ ሲፈቅድ ማለቴ ነው።

ጥያቄ

«ገላን አካባቢ በአንድ ፋብሪካ የምሠራ፣ በዚሁ የሳንባ ነቀርሳ ሕመም ምክንያት አራት ወር ከሥራ የቀረሁ ሠራተኛ ነኝ። የሐኪም ማስረጃ አለኝ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ደመወዜ ግማሽ ሆነ፤ አሁን ጭራሽ ቀርቷል። አለቃዬ ቶሎ ካልተመለስክ ትባረራለህ ይለኛል። ሕጉ ምን ይላል? ብመለስስ እንደ ቀድሞው ስምንት ሰዓት ቆሜ መሥራት እችላለሁ?»

መልስ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ባልመጣ ሕመም መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ፈቃዱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። ክፍያው ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ፈቃድ ይሰጥባቸዋል እንጂ አይከፈልባቸውም። ስለዚህ የደመወዝዎ መቀነስና መቅረት አዋጁን የተከተለ ነው፤ ነገር ግን በአዋጁ አቆጣጠር ገና የሁለት ወር ፈቃድ ቀርቶዎታል። የሕክምና ማስረጃዎን ቅጂ በደብዳቤ አያይዘው ያስገቡ፤ መቀበላቸውን የሚያሳይ ፊርማም ይያዙ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን ይጠይቁ፤ ከአዋጁ የተሻለ የሰፈረበት ፋብሪካ አለ። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው የሚል ጥርጣሬ ካለ ግን ነገሩ በሌላ የሕጉ ክፍል ስለሚታይ ለሐኪምዎና ለማኅበሩ ቶሎ ይንገሩ።

መቆሙን በተመለከተ፣ ከተኙበት ተነሥተው በቀጥታ ስምንት ሰዓት መቆም ለእኅታችን የነገርኳትን ቅዳሜ በየቀኑ መድገም ነው። በቀሩት ሁለት ወራት ቤትዎ ውስጥ ይለማመዱ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቆመው የሚሠሩትን ሥራ ይፈልጉ፣ በየሳምንቱ ያራዝሙት፤ የማግሥቱ ጠዋት ይዳኝዎት። ሐኪምዎ «ሥራ መጀመር ይችላል» ብሎ ብቻ ከሚጽፍልዎት ይልቅ ለስንት ሳምንት ተቀምጠው ወይም ባነሰ ሰዓት መሥራት እንዳለብዎት፣ ከስንት ኪሎ በላይ ማንሣት እንደማይገባዎት ዘርዝሮ ቢጽፍልዎት ለአለቃዎ የሚያሳዩት በእጅዎ ይኖራል። እንዲህ ያለው አመላለስ በመነጋገር የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከመመለስዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያድርሱ።

ጥያቄ

«ሱሉልታ የምኖር እናት ነኝ። የ23 ዓመት ልጄ የአከርካሪ ነቀርሳ ይዞት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ወስዷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። አሁን መድኃኒቱን ጨርሷል፤ ሐኪሙም የወገብ መደገፊያውን አውልቆለት ‹ተራመድ፣ ሥራህንም ቀስ እያልክ ጀምር› ብሎታል። እኔ ግን ፈራሁ። ውኃ እንኳ ራሱ እንዲቀዳ አልፈቅድለትም፤ ምግቡን አልጋው ድረስ አደርስለታለሁ። እሱ ተቆጥቶ ከእኔ ጋር መነጋገር ተወ። ላሞች አሉን፤ ድሮ የሚያልበው እሱ ነበር። እናት ነኝና ብሳሳለት ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

መልስ

እናቴ፣ መሳሳትዎ ጥፋት አይደለም። ዓመት ሙሉ ልጅዎን ደግፈው ያቆዩት እርስዎ ነዎት። አሁን ግን ልጅዎ የሚያስፈልገው ነገር ተለውጧል፤ ትናንት የጠቀመው ዕረፍት ዛሬ እየጎዳው ነው። አልጋ ላይ የዋለ ጡንቻ በቀናት ውስጥ መድከም ይጀምራል፤ አጥንትም ክብደት ካልተሸከመ ይሳሳል፤ ለአከርካሪው የሚበጀውም ዙሪያውን የያዙት የጀርባና የሆድ ጡንቻዎች መጠንከራቸው ነው።

ይህን የምልዎት በራሴ ቤት ስላየሁት ጭምር ነው። አባቴ ረጅም የልብ ሕመም ታሞ ከተነሣ በኋላ በጓሮ ያለውን ጎመን በጣሳ ማጠጣት ጀምሮ ነበር። እኛ ልጆቹ ጣሳውን ከእጁ ወሰድንበት፤ «ተቀመጥ አባባ» እያልን ጋቢ ደረብንለት፣ ወንበሩንም ፀሐይ ላይ አወጣንለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዚያው ወንበር ያለ ሰው ድጋፍ መነሣት አቃተው። በዚያን ጊዜ ሙያውን ተምሬው ነበር፤ ለሌላ ሰው የምነግረውን ለአባቴ መንገር ግን አልቻልኩም። ጣሳውን ስንመልስለት ጎመኑ ደርቆ ነበርና እንደገና ተከለው።

እንግዲህ ጥንቃቄውን ልንገርዎት። ልጅዎ እግሩ አዲስ ድካም ወይም መደንዘዝ ከተሰማው፣ ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው፣ የጀርባው ሕመም ሌሊት የሚያስነሣው ከሆነ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ከዚህ ውጭ የሚሰማው መጠነኛ ድካምና የጡንቻ ሕመም ሰውነት ሥራ ሲጀምር የሚመጣ ነው፤ አያስደንግጥዎት። ስንት ኪሎ ማንሣት እንደሚችል ሐኪሙን ይጠይቁ፤ እስኪፈቀድለት ድረስ የእንስሳት መኖ እስርና የሞላ ባልዲ አያንሣ። ከመሬት ነገር ሲያነሣ ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ ይታጠፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ወተቱ። ነቀርሳ ከከብት ወደ ሰው ባልፈላ ወተት ይተላለፋል፤ ሌላም እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት የሚያመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ፣ እሱም አከርካሪን ያጠቃል። ሱሉልታን የሚያህል የወተት አገር ውስጥ ጥሬ ወተት መጠጣት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ በቤትዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ላሞቹንም የእንስሳት ሐኪም እንዲያያቸው ይጠይቁ።

ነገ ጠዋት ቁርሱን አልጋው ድረስ አያድርሱለት፤ መሶቡ ያለበት ድረስ ይምጣ። ውኃውን ራሱ ይቅዳ፤ አልጋውን ራሱ ያንጥፍ። ከሰዓት በኋላ እስከ ግቢው በር ደርሶ ይመለስ፤ በማግሥቱ ደኅና ከተነሣ እስከ ጎረቤት አጥር። ሐኪሙ ማለብን ከፈቀደለት፣ አንድ ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ ከላሞቹ መካከል ገሯን ይምረጡለት። ቁጢጥ ብሎ ሳይሆን ጉልበቱ ድረስ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ይቀመጥ፤ ጥጃዋን እርስዎ ይያዙ፣ እሱ ይለባት። ባልዲውን ግን ለጊዜው እርስዎ ያንሡት።